ማን አጠፋው?

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ አቬኑ
ማርች 9 ቀን 2015

ለእህቴ ልጅ ለትርሲት፤

ሰላምታዬ ከፌርፋክስ ተነሥቶ፣ ባሕሩንም በረሃውንም ተሻግሮ፣ ሐዋሳ ካለሽበት ይድረስሽ። የእናትሽን የፋናን ጉልበት ያጽናልኝ፤ አንቺንም ከክፉ ዓይን ይሰውርልኝ። እኛ ፈጣሪ ይክበር፣ ቆመን እንሄዳለን።

አታውቂኝም። ወንዳፍራሽ እባላለሁ፤ የአያትሽ የእትዬ ሣህሊቱ የእህት ልጅ ነኝ። አገር ስለቅ አንቺ አልተወለድሽም፤ እናትሽ እንኳ ገና ገመድ የምትዘል ልጅ ነበረች። እዚህ ዕድሜዬን ታክሲ ድራይቭ ሳደርግ ኖሬ፣ አሁን ወገቤ እምቢ ሲል ወርጄ ቤተሰቤን አግዛለሁ። ኢሜይልሽን የሰጠችኝ ፋና ናት። «ልጄ የኮምፒውተር ሐኪም ናት» ብላ በስልክ ስትኮራ ሰማኋት። እዚህ ያሉ ልጆች ኢሜይል እንዲህ አይረዝምም ይሉኛል። እኔ ግን ከደብዳቤ በቀር ሌላ አጻጻፍ አላውቅምና ታገሽኝ።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። አንድ ሰርቨር ተከራይተናል። ያቋቋመው ኢዮኤል የሚባል፣ እኛ ዘንድ ክፍል ይዞ የነበረ ጎበዝ ልጅ ነው። ማሽኑን በዓይናችን አይተነው አናውቅም፤ ዳውንታውን አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው ይላሉ። በላዩ ላይ የሁለት ደንበኞች ድረ ገጾች አሉ። ኢዮኤል ሲያትል ሥራ አግኝቶ ሲሄድ የይለፍ ቃሉን ነግሮኝ ሄደ። ስገባበት ጥቁር ስክሪን ነው። አንዲት ነጭ መስመር ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቀኛለች፤ እኔም እሷን እጠብቃለሁ። እንዲህ ስንተያይ ቆይተን እዘጋዋለሁ።

ኢዮኤልን ብደውልለት «ጋሼ፣ ኮንትሮል ፓነል ኢንስቶል አድርግ፤ እንደ ማንኛውም ድረ ገጽ ተከፍቶ በማውስ ብቻ የሚሠራ ነው» አለኝ። የቱን ልጫን ስለው «ብዙ ዓይነት አለ፣ እንደምርጫህ» ብሎ ወደ ሥራው ገባ። ሶ፣ ምርጫው አንቺ ጋ መጣ። የምፈልገው ፊደሉ ጎላ ያለ፣ ዋጋው ያልከበደ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዱ ደንበኛ የሌላውን በር መክፈት የማይችልበት ነው። ይህቺን የመጨረሻዋን አጥብቄ ነው የምለምንሽ።

በሥራሽ ላይ ሥራ ስጨምርብሽ አትቀየሚኝ።

አጎትሽ ወንዳፍራሽ


ሐዋሳ
መጋቢት 5 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ወንዳፍራሽ፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ ስቄ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጤናዎን፣ ወገብዎንም ጭምር እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እናቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነብባኛለች፤ ገመድ መዝለሏን ስላስታወሱባት አፍራለችም፣ ደስ ብሏታልም።

እንዴት አድርጌ እቀየምዎታለሁ? ዘመድ የሚያስታውሰኝ ስልኩ ውኃ ውስጥ ሲገባበት ብቻ ነው። ስለ ሰርቨር የጠየቀኝ ዘመድ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። እዚህ ኮሌጅ ውስጥ ኬብል የምዘረጋው፣ ፕሮጀክተር የምጠግነው እኔ ነኝ፤ ሰርቨሩ ያለበትን ክፍል ቁልፍ ግን ኃላፊዬ አቶ እንዳሻው ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ነው የሚውሉት።

ነገሩን በቀላሉ ላስረዳዎት። ሰርቨሩ ትልቅ የኪራይ ግቢ ነው ይበሉ። በጥቁሩ ስክሪን የሚገባ ሰው የግቢው ጌታ ነው፤ ግድግዳ ቢያፈርስ የሚከለክለው የለም። ፓነል ሲኖር ግን ለእያንዳንዱ ተከራይ የራሱ ክፍል፣ የራሱ በር፣ የራሱ ቁልፍ ይኖረዋል። የይለፍ ቃሉ አንድ ብቻ ከሆነ እስካሁን ሁለቱም ደንበኞችዎ የግቢው ጌቶች ነበሩ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ያስፈራል።

ከመምረጤ በፊት ልጠይቅዎት። የሚገቡበት ሰዎች እነማን ናቸው? እንግሊዝኛ ያነባሉ? የድረ ገጾቹ ቅጂ የሆነ ቦታ ተቀምጧል? ደግሞም አንዱ የሌላውን በር እንዳይከፍት አጥብቀው የለመኑኝ፣ ከዚህ በፊት የተከፈተ በር ስላለ ይሆን?

ልጅዎ ትርሲት


ፌርፋክስ
ማርች 22 ቀን 2015

ለትርሲት፤

ፋና ማፈሯንም መደሰቷንም ሰማሁ፤ ያንቺም ሳቅ በደብዳቤው ውስጥ ደርሶኛል። ሰላምሽ ይብዛ።

እስከዚያው ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ኢንተርኔት ላይ ፓነሎቹን እንደ መኪና ለሙከራ የሚያስነዱበት ቦታ አለ። የመጀመሪያውን ከፈትኩት። የሥዕሉ ብዛት! የደብር ግድግዳ መሰለኝ፤ ከየትኛው ፊት ቆሜ እንደምሳለም ጠፋኝ። ሁለተኛው ደግሞ ባዶ ነው፤ በግራ በኩል ጥቂት ቃላት ብቻ ተደርድረዋል፤ የቱን ልንካ ስል አንዱን ነካሁት፣ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። በምን እርግጠኛ እንደሆንኩ ስላላወቅኩ ኮምፒውተሩን ከነገመዱ ነቀልኩት።

እንግሊዝኛ ያነባሉ ወይ ላልሽኝ፣ አንደኛዋ በደንብ ታነባለች፤ ሁለተኛዋም ታነባለች፣ ብቻ መነጽሯን ሁልጊዜ ትረሳለች። ቅጂ መኖሩን አላውቅም። ስለተከፈተው በር ሌላ ጊዜ እናወራለን።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ፓነሉ ማን ምን እንደነካ፣ ማን ምን እንዳጠፋ በትክክል የሚናገር ይሁን። ወደ ኋላ ተመልሶ ባለፈው ወር የሆነውንም የሚናገር ቢገኝ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ዋጋው ቢከብድም ግድ የለም። ፊደሉ ባይጎላም ግድ የለም።

ወንዳፍራሽ


ሐዋሳ
መጋቢት 18 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋሼ ወንዳፍራሽ፤

እንደምን ከረሙልኝ? እዚህ ሙቀቱ በርትቷል፤ መብራትም ይሄዳል ይመጣል፤ ሲመጣ ይህን ጻፍኩ።

ሦስት ፓነሎችን ለእርስዎ ብዬ አይቻለሁ። ሲፓነል የሚባለው በየወሩ የሚከፈልበት ነው፤ የደብሩን ግድግዳ የሚመስለው እሱ ነው፤ ሰው ግን ቶሎ ይለምደዋል። ዌብሚን ነፃ ነው፤ አሁን ባለው ማሽን ላይ እንዳለ ሊጫን ይችላል፤ ነገር ግን እንደ እኔ ላለው ሰው ነው የተሠራው፣ ብዙ ነገር ያስነካል። አይኤስፒኮንፊግ የሚባለውም ነፃ ነው። አስተዳዳሪው ከላይ ሆኖ፣ ተጠቃሚዎቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ብቻ የሚያዩበት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የቦታ ድርሻ መወሰን ይቻላል። የሚያሳያቸው ቃላትም በፋይል ተጽፈው ስለተቀመጡ ወደ አማርኛ ሊለወጡ ይችላሉ። ችግሩ ባዶ ማሽን ይፈልጋል፤ ሰው በሚኖርበት ቤት መሠረት አይቆፈርም። አዲስ ማሽን ተከራይተው ሁሉንም ወደዚያ ማዛወር ሊኖርብን ነው። የእኔ ምርጫ ይህ ነው።

ስለ ምስክርነቱ ግን ተስፋ አልሰጥዎትም። ፓነል ከተጫነበት ቀን ወዲህ የሆነውን እንጂ ከዚያ በፊት የሆነውን አያውቅም።

ጋሼ፣ በመጀመሪያው ደብዳቤ ፊደሉ ይጉላ፣ ዋጋው አይክበድ ብለው ነበር። በሁለተኛው ሁለቱንም ትተው የፈለጉት መርማሪ ፖሊስ ነው። «አንደኛዋ፣ ሁለተኛዋ» ብለውም ጽፈዋል። እነዚህ ሴቶች እነማን ናቸው? ምን ተፈጠረ?

ድፍረት ከሆነብኝ ይቅር ይበሉኝ።

ትርሲት


ፌርፋክስ
ኤፕሪል 25 ቀን 2015

ለትርሲት፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ። የዘገየሁት ታምሜ አይደለም። ጽፌ ጽፌ እየሰረዝኩ ነው።

ደንበኛ የለኝም፣ ልጄ። አንደኛዋ ባለቤቴ ቦሰና ናት፤ ምግብ ቤት አላት። ሁለተኛዋ ታናሽ እህቷ የምሥራች ናት፤ እዚያው ጎን የጸጉር ቤት አላት። በሁለቱ ቤት መካከል ያለው አንድ ግድግዳ ነው። የምሥራች ከዓመታት በፊት ወደ ጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ቦሰና ያን ጊዜ አልቅሳ አልቅሳ ወጣላት፤ ተስማምተው ኖሩ። በአንዱ ምድጃ የሁለቱም ምሳ ይሠራ ነበር። በሰርቨሩ ላይ የምግብ ቤቱ ገጽ፣ የጸጉር ቤቱ ገጽና የየምሥራች ቤተ ክርስቲያን ገጽ አሉ።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ የፆም ምግብ ትእዛዝ ከግሌንዴል ከፒኮ ሮበርትሰን በሚጎርፍበት ሰዓት፣ የቦሰና ገጽ ድንገት ነጭ ወረቀት ሆነ። የምግቡ ዝርዝር የለም፣ ፎቶው የለም፣ የትእዛዝ ስልኩ የለም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የምሥራች የቤተ ክርስቲያኗን ጉባኤ ቪዲዮ ልትጭን ሰርቨሩ ውስጥ ገብታ ነበር። ቦሰና ግድግዳውን ዞራ ሄዳ «የፆም ምግቤን አጠፋሽው፤ ስለማትፆሚ ነው» አለቻት። የምሥራች «እኔ አላጠፋሁም» አለች። ቦሰና «ታዲያ ማን አጠፋው?» አለች። ከዚያ ወዲህ እንደተዘጋጉ ናቸው። ፋሲካን ለየብቻ ዋሉ። እኔ ከጓሮ ፓርክ ሳደርግ እንኳ የቱ በር ፊት እንደማቆም እጨነቃለሁ።

ወደ ኋላ የሚናገር ፓነል የፈለግኩት ለዚህ ነበር። እውነቱን ብነግርሽ ደግሞ፣ ቢገኝ የሚለውን መስማት እፈራ ነበር። የምሥራች ባትሆን ቦሰና ታፍራለች፤ የምሥራች ብትሆን እኔ ምን እሆናለሁ?

አሁን ባዶ ማሽን ተከራይቻለሁ። ነባሩንም አንቺ ገብተሽ እይልኝ።

ወንዳፍራሽ


ሐዋሳ
ግንቦት 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋሼ ወንዳፍራሽ፤

ስላመኑኝ አመሰግናለሁ። የይለፍ ቃሉን በኢሜይል እንዳይልኩ ስለነገርኩዎት ለእናቴ በስልክ ማስጻፍዎ ጥሩ ነበር፤ ብቻ እሷ «የዶላር ምልክት» ሲሏት «ስንት ዶላር?» ብላ ጠይቃ እንደነበር ይወቁልኝ። ስገባ እምቢ ያለኝ በዚያ ነው።

አሁን ቁጭ ብለው ያንብቡ። እትዬ ቦሰናም ከጎንዎ ይቀመጡ።

ማንም ምንም አላጠፋም። የምግብ ቤቱ ፎቶዎች እንዳሉ ናቸው፣ የምግቡ ዝርዝርም እንዳለ ነው። ኢዮኤል ማሽኑን «በየቀኑ የሁሉንም ነገር ቅጂ እየወሰድክ አስቀምጥ» ብሎ አዝዞታል። የቆየውን ቅጂ እንዲጥል ግን አላዘዘውም። ማሽኑም ታዛዥ ነውና በቅጂ ላይ ቅጂ ሲከምር፣ ሲከምር፣ አንድ ቀን መተንፈሻ ቦታ አጣ። የእትዬ ቦሰና ገጽ ምግቦቹን በየሰዓቱ ከአንድ የመረጃ ቋት እያነበበ ነው የሚያሳየው። ዲስኩ ሲሞላ ያ ቋት ቆመ፤ ገጹም ነጭ ሆነ። የእትዬ የምሥራች ገጾች ቋት የማይፈልጉ ተራ ገጾች ስለሆኑ ምንም አልነካቸውም። እትዬ የምሥራች በዚያ ቀን መግባታቸው የአጋጣሚ ነገር ነው። ቪዲዮአቸውም እንኳ ቦታ አጥቶ ግማሹ ላይ ነው የቀረው፤ አላስተዋሉትም ይሆናል።

የቆዩትን ቅጂዎች አንሥቼ ቋቱን ቀሰቀስኩት። አሁን ይክፈቱት፤ ሽሮውም፣ ምስር ወጡም፣ ስልኩም ተመልሷል። ከዚህ በኋላ ቅጂው በሌላ ቦታ ይቀመጣል፤ የቆየውም ይጣላል።

አዲሱ ማሽን ላይ ፓነሉን ጭኜ ገጾቹን ወደዚያ አዛውሬያለሁ። ለሁለቱም በር ሠርቻለሁ። ቃላቱን ወደ አማርኛ መመለስ ጀምሬያለሁ፤ ይሞክሩትና የሚሰማዎትን ይንገሩኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ እዚያው ማሽን ላይ ለእኔም ትንሽ ጥግ ይስጡኝ። እዚህ ቁልፍ ስለሌለኝ እጄን የማፍታታበት ቦታ የለኝም።

ትርሲት


ፌርፋክስ
ሜይ 30 ቀን 2015

ለኮምፒውተር ሐኪሟ ለትርሲት፤

እጅሽ ይባረክ። ጥግ ብቻ አይደለም፣ ከፈለግሽ ሳሎኑንም ውሰጂው። ገጹ ሲከፈት ቦሰና እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። ደብዳቤሽን አነበብኩላት። ደግሜ አንብብ አለችኝ፤ ደገምኩ። ከዚያ ተነሥታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

«እሺ፣ ሂጂና ንገሪያት» ብላት «ምን ብዬ? ማሽኑ ነው ብዬ?» አለችኝ። ገባኝ። ጥፋተኛ ሰው ቢገኝ ይታረቁት ነበር። ማሽን ግን ሽማግሌ አይላክበትም። የምሥራችም በበኩሏ ነገሩን ስነግራት «እኔ እኮ ብያችሁ ነበር» ብላ ፀጉር ማድረቂያውን ከፈተችብኝ፤ ሌላ ነገር መናገር አልተቻለም።

የፓነሉን ነገር ልንገርሽ። አማርኛውን ሲያዩ ሁለቱም ወደዱት፤ ወዲያው ደግሞ ሁለቱም ተቆጡ። ቦሰና ልትጨርስ ስትል «ውጣ» የሚል ጽሑፍ አየች። «ማንን ነው ውጣ የሚለው? በገዛ ቤቴ?» አለች። ከዚያ «አስገባ»፣ «ምረጥ»፣ «ጻፍ» ሲላት «ይሄ ማሽን ወንድ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበኝ፣ ወይስ ታናሹ ነኝ?» አለችኝ። የምሥራች በሌላው በር «በ‹አንቺ› ይሁን፤ አንቱታ ሰው ያርቃል» አለች። ለቦሰና ይህን ስነግራት «እኔ ማሽን አንቺ እንዲለኝ አልፈልግም፤ የጎረቤት ልጆች ‹አንተ› ሲሉህ ችለህ ይሆናል፣ እኔ አልችልም» አለች።

ከሁሉም የባሰው «ደንበኛ» የሚለው ነው። ቦሰና ስሟ አጠገብ «ደንበኛ ቦሰና» ተብሎ ስታይ «በባሌ ማሽን ላይ ደንበኛ ልሁን?» አለች። የምሥራችም በሌላው ግድግዳ «ለእህቴ ደንበኛ ነኝ እንዴ?» አለችኝ። እኔም ለሁለቱም «እኔ አይደለሁም፣ ፓነሉ ነው» አልኩ። ግን ልብ በይ፤ «እህቴ» አለች።

ሶ፣ በቀን ስንት ጊዜ ግድግዳውን እንደምዞር አትጠይቂኝ። ወገቤ ታክሲውን ናፈቀ።

ወንዳፍራሽ


ሐዋሳ
ሰኔ 4 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋሼ ወንዳፍራሽ፤

ከእናቴ ጋር ሆነን አንብበን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ለወገብዎ ግን ይዘኑለት።

አስቤበታለሁ። ፓነሉ ሁሉንም በአንቱታ ያናግራል፤ «ያስገቡ»፣ «ይምረጡ»፣ «ይጻፉ»። እንዲህ ሲሆን ወንድም ሴትም፣ ታላቅም ታናሽም አይልም። እትዬ የምሥራችን አንቱታ ካራቃቸው ለእሳቸው ብቻ ሌላ የቋንቋ ፋይል እሠራላቸዋለሁ። «ውጣ» ቀርቶ «በሰላም ይሂዱ» ሆኗል። «ደንበኛ» የሚለውን በየገጹ እየፈለግኩ «ቤተኛ» አድርጌዋለሁ።

አንድ ቃል ቀርቶኛል፤ የምንፈራው። ገጽ ለማንሳት የሚነካው ቁልፍ «አጥፋ» ይባል ወይስ «ሰርዝ»? እኔ መወሰን አልፈልግም። ሁለቱንም ይጠይቁልኝ፤ ሁለቱ የሚስማሙበትን ብቻ ነው የምጽፈው። ካልተስማሙ ቁልፉ ላይ ምንም አይጻፍበትም።

ትርሲት


ፌርፋክስ
ጁላይ 5 ቀን 2015

ለትርሲት፤

ዛሬ ሰላምታውን አላስረዝምም፤ የምነግርሽ ቸኩሎብኛል።

ቃሉን ለመጠየቅ መጀመሪያ ቦሰና ጋ ሄድኩ። «ሰርዝ ነው እንጂ!» አለች። የምሥራች ጋ ዞርኩ። የምሥራች የአንዲት ሴት ፀጉር እየጠቀለለች ነበር፤ ባንቺአየሁ ትባላለች፣ ከክሬንሾው ነው የምትመጣው፣ የሁለቱም የድሮ ወዳጅ። የምሥራች «አጥፋ ይባል» አለችኝ። ተመልሼ ነገርኳት። ቦሰና «በላት፣ የሚጠፋው መብራት ነው» አለች። ዞሬ ነገርኳት። «በላት፣ የሚሰረዝ ከመዝገብ ላይ ስም ነው» አለች። እንደገና ዞሬ ነገርኳት። በዚህ ጊዜ ቦሰና ማማሰያውን ድስቱ ላይ አጋድማ፣ ከነሽርጧ ከቤት ወጣች። ተከተልኳት። የጸጉር ቤቱን በር ከፈተች።

ከሁዳዴ ወዲህ ያን ደፍ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። የምሥራች ማበጠሪያውን በእጇ እንደያዘች ቀረች።

«‹አጥፋ› ምን የሚሉት ቃል ነው?» አለች ቦሰና፣ ሰላም እንኳ ሳትል። «በግ ይጠፋል። መንገድ ይጠፋል። ገጽ ግን ይሰረዛል እንጂ አይጠፋም!»

«ሰው እንዲፈራ ነዋ» አለች የምሥራች። «ሰርዝ ቢሉት እንደ ቀልድ ይነካዋል። አጥፋ ሲለው ግን እጁ ይንቀጠቀጣል።»

«ቆይቶ ‹ማን አጠፋ?› ሲባልስ?»

ማድረቂያው ብቻ ያጉረመርማል። የምሥራች ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

«እኔ አላጠፋሁም፣ እታለም» አለች። ከልጅነታቸው ጀምሮ የምትጠራት እንዲህ ነው፤ ከተጣሉ ወዲህ ግን «እህትየው» ነበር የምትላት።

ቦሰና ሽርጧን ስትጠቀልል፣ ስትፈታ ቆየች። «አውቃለሁ» አለች። «ትርሲት ሳትጽፈውም አውቅ ነበር። ትእዛዙ ቀረብኝና ተናደድኩ፤ የምናደድበት ሰው ሳጣ አንቺ ቅርብ ነበርሽ። ስለ ፆሙ የተናገርኩት ነገር... ያጠፋሁስ እኔ ነኝ።»

የምሥራች ዓይኗ ሞላ። ያን ጊዜ ባንቺአየሁ ጭንቅላቷ በመጠቅለያ እንደተሞላ ከማድረቂያው ሥር ብቅ አለችና «በቃ ሰርዙት!» አለች። «ይሄው እኔ ጸጉሬ ሊቃጠል ነው፤ ሰርዙትና ተሳሳሙ!»

እንዴት እንደሳቁ! አንዷ በአንዷ ትከሻ ላይ ተደግፈው ሲስቁ፣ ሲያለቅሱ፣ የቱ የቱ እንደሆነ አልለይ አለኝ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መሀረብ ፈልጌ አጣሁ፤ ባንቺአየሁ ፎጣ ወረወረችልኝ። ምሳችንን አራታችንም እዚያው ጸጉር ቤት ውስጥ በላን። ቦሰና ትታው የመጣችው ወጥ ትንሽ አሯል፤ ማንም አላማረረም።

ኦኬ፣ «ይሰርዙ» ብለሽ ጻፊው። ድምፅ ተሰጥቶበታል።

ወንዳፍራሽ


ሐዋሳ
ነሐሴ 10 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጋሼ ወንዳፍራሽ፣ ለእትዬ ቦሰና፣ ለእትዬ የምሥራች፤

ሦስታችሁንም በአንድ ደብዳቤ ሰላም ማለት መቻሌ ራሱ ለእኔ በዓል ነው። እናቴ ፋና በፀሎቷ ታስባችኋለች፤ ለሁላችሁም አንድ ሻማ ነው የምታበራው።

እዚህም ዜና አለ። በሰጣችሁኝ ጥግ ላይ የኮሌጁን የፈተና ፕሮግራም በአማርኛ ፓነል የሚያስተዳድር ገጽ ሠርቼ ለአቶ እንዳሻው አሳየኋቸው። ጽሕፈት ቤት የሚሠሩት ሴትዮ ማንንም ሳይጠይቁ ፕሮግራሙን ለውጠው ሲያስገቡ አቶ እንዳሻው ቆመው አዩ። በማግስቱ የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «አስቀርጸሽ የእኔን መልሽልኝ» አሉኝ። እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች፤ የቤት ቁልፍ የተሰጠኝ የመሰላቸውም አሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ክሱ ልግባ። ባለፈው ሳምንት ሁለቱን በሮች የሚጠብቅ ማስጠንቀቂያ ፓነሉ ላይ አሰናድቼ ነበር። ቤተኛ ካልለመደበት ኮምፒውተር ከገባ ይነግረኛል። ሰኞ ዕለት ነገረኝ፤ የእትዬ ቦሰና ስም ከጸጉር ቤቱ ኮምፒውተር ገብቷል። ማክሰኞ ደግሞ የእትዬ የምሥራች ስም ከምግብ ቤቱ ገባ። ሌባ ነው ብዬ ደንግጬ ምግብ ቤቱ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት እትዬ ቦሰና ነበሩ።

«እትዬ፣ የይለፍ ቃልዎን የሰረቀ ሰው አለ!» አልኩ።

«ማንም አልሰረቀውም፤ ሰጠኋት» አሉኝ፣ ረጋ ብለው። «የእሷም እኔ ጋ ነው። እጇ ቀለም ውስጥ ሲሆን እኔ እገባላታለሁ፤ እኔ ምድጃ ላይ ስሆን እሷ የነገውን ምግብ ትለጥፍልኛለች። ዓሣ ስትለጥፍልኝ ነበር እንዲያውም፤ ፍልሰታ መሆኑን አስታወስኳት።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ አንዳችሁ የሌላችሁን በር እንዳትከፍቱ ብዬ ነው ያን ሁሉ የሠራሁት!»

«ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽዋል፣ ልጄ» አሉኝ። «በጣም ጥሩ በር ነው።» ከኋላቸው እትዬ የምሥራች ሲስቁ ይሰማኛል። ጋሼ ደግሞ «ስልኩን ስጪኝ፣ እኔ ላስረዳት» ሲሉ ይሰማኛል፤ አልሰጧቸውም።

በሙያዬ ሕግ እንዲህ ማድረግ አይፈቀድም። ለኮሌጁ ተማሪዎች ይህን ታሪክ አልነግራቸውም። ስልኩን ዘግቼ ፓነሉን ከፈትኩ። ማስጠንቀቂያው እዚያው ቆሟል፤ «ያልታወቀ ሰው ገብቷል፤ ምን ይደረግ?» ይለኛል። ሁለቱንም ስሞች «የታወቁ» ብዬ መዘገብኳቸው፤ ከሁለቱም ቤት፣ በሁለቱም በር፣ በማንኛውም ሰዓት።

ትርሲት